ከወለሉ ጀምሩ፦ ስለ ጣራ ሥዕልና ስለ ማንጋጠጥ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ጣራ ሥዕል፣ በጠቅላላውም ሰው አንጋጦ ስለሚያየው ነገር የምትጠይቁት ካለ ዛሬና ነገ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሦስት ነገር ላስጠንቅቅ። የሚያፈስ ጣራ ሥር ቀለም አይነካም። ያረጀ ሥዕል በውሃ አይታጠብም። ንድፍ ከወለል ይጀምራል፤ ሰው የት ቆሞ እንደሚያንጋጥጥ ሳታውቁ እርሳስ አታንሡ። ስትጠይቁ የጣራውን ከፍታ፣ ከምን እንደተሠራና ብርሃን ከየት እንደሚገባ ጻፉ።

አናጢው፦ እግዜር ይስጥልን መምህር። የአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱ አዲስ የጣውላ ኮርኒስ ተሠርቶለታል። ከወለል 6 ሜትር ይርቃል። ወራጆቹ ይታያሉ፤ በሁለት ወራጅ መካከል 68 ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ አለ። መስኮቶቹ በሰሜንና በደቡብ ናቸው። በየክፍቱ ክንፍ ያለው የመልአክ ፊት ይሣል ተብሏል። የአንዱ ፊት መጠን ስንት ይሁን?

መላሽ፦ የተሟላ ጥያቄ ነው፤ ሌሎቻችሁም እንዲህ ጠይቁ። የቆመ ሰው ዓይን ከወለል 1.60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ ከዓይን እስከ ኮርኒሱ 4.40 ሜትር አለህ። በዚህ ርቀት ጤነኛ ዓይን በደህና ብርሃን ለይቶ የሚያየው ትንሹ ነገር 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በጧፍ ብርሃን ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በቀጭን ብሩሽ ስትለፋበት የዋልከው ሽፋሽፍት ከታች ለቆመው ሰው የለም ማለት ነው። የዓይኑን ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር በሚሆን ጥቁር መስመር ክበበው። የአፍንጫውንና የቅንድቡን መስመር ከ5 አታሳንስ።

ፊቱ ከአገጭ እስከ ፀጉር 35 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወርዱ 26 ይሆናል። በግራና በቀኝ 18፣ 18 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ጨምርበት፤ 62 መጣ። በየጎኑ 3 ሳንቲ ሜትር ይተርፍሃል። ያንን ትርፍ አደራ ባዶውን ተወው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲሰበሰብ ቀለም የሚሰነጠቀው መጀመሪያ ወራጁ ጥግ ላይ ነው።

ግን ቁጥሬን ብቻ ይዘህ አትጀምር። በ30፣ በ35 እና በ40 ሳንቲ ሜትር ሦስት ፊት ካርቶን ላይ ሣልና ኮርኒሱ ላይ ለጊዜው ስቀላቸው። ከምዕራብ በር፣ ከመካከልና ከሴቶች መቆሚያ ሆነህ እያቸው፤ አንድ ጊዜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ አንድ ጊዜ ማታ በጧፍ። ከሦስቱም ቦታ ሁለቱ ዓይኖች ተለይተው የታዩበት ትንሹ መጠን ያንተ ነው።

ባለ ብሩሽ፦ ትክክል ሥሩ ላልቆመ ሰው ግን ፊቱ አይጨፈለቅም?

መላሽ፦ ይጨፈለቃል። በአናጢው ጣራ 4.40 ሜትር ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ የቆመ ሰው ፊቱን የሚያየው በ45 ዲግሪ ነው። ርቀቱ ወደ 6.20 ሜትር ያድጋል፤ የ35 ሳንቲ ሜትሩ ቁመትም 25 ያህል ሆኖ ይታየዋል። ለእርሱ ብለህ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ብትስበው ይስተካከልለታል፤ ትክክል ሥሩ የቆመው ግን የተጎተተ ፊት ያያል። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

አንዱ መንገድ ተመልካቹን አንድ ቦታ ላይ ማቆም ነው። ሮም ውስጥ በቅዱስ ኢግናጥዮስ ቤተ ክርስቲያን አንድሪያ ፖዞ እ.ኤ.አ. በ1694 የጨረሰው ጣራ እንዲህ ነው። ወለሉ ላይ ክብ የእብነ በረድ ምልክት አለ። እዚያ ላይ ቆመህ ስታንጋጥጥ የተሣሉት ዓምዶች ከእውነተኛው ግድግዳ ቀጥለው ወደ ሰማይ ይወጣሉ። ከምልክቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ስትል ዓምዶቹ ይጋደማሉ። እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉልላት የሚመስለውም ነገር ጉልላት አይደለም፤ በ1685 በሸራ ላይ የተሣለ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጎንደሩ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራው ላይ የሞሉት ክንፍ ያላቸው ፊቶች ብዙ ናቸው፤ ቆጣሪዎችም በቁጥራቸው አይስማሙም። እያንዳንዱ ፊት ለብቻው ትንሽና ቀላል ነው፤ አንዱ ቢጨፈለቅብህ በአናትህ ትክክል ያለው ሌላው ደህና ሆኖ ይታይሃል። ማንም የትም ቢቆም ከላዩ ፊት አለ፤ የተመረጠ መቆሚያ አያስፈልግም። እኔ ለቅኔ ማኅሌት ሁልጊዜ ይህንን እመርጣለሁ። እዚያ ሰው አንድ ቦታ ተተክሎ አይቆምም፤ ያሸበሽባል፣ ይሰግዳል፣ ቦታ ይለቃል። ፖዞን የሚያህል ጥበብ አምጥተህ አንድ ድንጋይ ላይ ለቆመ አንድ ሰው ብቻ መሥራት ለሌላው ምእመን ፊትን ማዞር ነው።

ብሌኑን ነጩ መካከል አድርገው። ጠፍጣፋ ሥዕል ላይ መካከል የተቀመጠ ብሌን የትም ብትሄድ ይከተልሃል፤ ወደ ጎን ካስጠጋኸው ግን የትም ብትቆም አያይህም። አበው ሠዓልያን ጻድቁን ሁለት ዓይን አድርገው ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን የሣሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጻድቁ ያይሃል።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ጣራ ላይ ሥዕል መሥራት እፈልጋለሁ። እንዴት ነው የሚሠራው?

መላሽ፦ ከፍታው ስንት ነው? ከምንድን ነው የተሠራው? ብርሃኑስ? ከላይ ጽፌአለሁ።

ባለ ብሩሽ፦ በቀጥታ ጣውላው ላይ ይሻላል ወይስ አቡጀዲ ላይ ሥሎ መለጠፍ?

መላሽ፦ አቡጀዲ ላይ። ጣውላ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰበሰባል፤ በሁለት ጣውላ መጋጠሚያ ላይ ያረፈ አፍንጫ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ጨርቅ ይህን እንቅስቃሴ ይችለዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጨምሮ በብዙ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ጨርቅ ላይ ሥሎ መለጠፍ የተለመደ ነው። ሌላው ጥቅሙ፣ ሥራው አብዛኛው ጠረጴዛ ላይ ያልቃል፤ አንገትህም ይተርፋል።

አቡጀዲውን ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠበው። የፋብሪካው ስታርች ይወጣል፤ ማጠሩንም እዚያው ይጨርሳል። ሳትታጠብ የለጠፍካት ጨርቅ ኮርኒሱ ላይ ሆና ታጥራለች፤ ጠርዟም ይነሣል። ሲደርቅ ተኩሰህ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር አትርፈህ ቁረጥና በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረው። የቀጠነ ሙጫ አንድ እጅ፣ ከዚያ የአክሪሊክ ማስተኛ ቀለም ሁለት እጅ ስጠው። በሁለቱ መካከል በልዝብ ሳንድፔፐር ዳሰስ አድርገው። ጄሶ አታብዛበት። ጄሶ ለማይታጠፍ ነገር ነው፤ ጨርቅ ስትሰቅል ይታጠፋል፣ ያኔ ጄሶው ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ቀለሙም አክሪሊክ ይሁን። ዘይት ቀለም ቀጭን ጨርቅን ያደርቀዋል፣ በጊዜ ብዛትም ይጠቁራል።

ስትለጥፍ ለሦስት ሰው ከ1.20 በ2.50 ሜትር የበለጠ ቁራጭ አታንሣ። ሙጫውን ጣውላው ላይ በሮለር በእኩል አልብሰው፤ የጨርቁን ጀርባም ስስ አድርገህ ቀባው። ከመካከል ጀምረህ በደረቅ ለስላሳ ሮለር አየሩን ወደ ጠርዝ ግፋ። ዙሪያውን በቀጭን እንጨት ያዘውና ለ24 ሰዓት አትንካው፤ ትርፉን የምትቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ምስማር ካስፈለገ የናስ ይሁን። የብረቱ ይዝግና ዝገቱ በጨርቁ አልፎ መልአኩ ጉንጭ ላይ ይወጣል። አየር ያዘለ እብጠት ካገኘህ በምላጭ 1 ሳንቲ ሜትር ሰንጥቀህ ሙጫ በስሪንጅ አስገባና ተጫነው። ወሩም ከኅዳር እስከ የካቲት ይሁን፤ በክረምት የተለጠፈ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይቀራል።

ነጠላ ለባሿ፦ መምህር፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮው አዲስ ነው፣ አያፈስም፤ ኮርኒሱ ግን ጠዋት ጠዋት ይረጥባል። ሥዕሉን መጀመር እንችላለን?

መላሽ፦ አይቻልም እኅቴ። የሚያፈስ ጣራ ስል ይህንንም ማለቴ ነው። ሌሊት ቆርቆሮው ይቀዘቅዛል፤ ከሕዝቡ ትንፋሽና ከታች የሚነሣው እርጥበት እርሱ ላይ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይኑር። በሁለቱም ጫፍ አየር ማስወጫ ክፈቱ፤ የሌሊት ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ከዚያ አንድ ሙሉ ክረምት ጠብቁ። ከክረምቱ በኋላ ጠዋት በእጃችሁ ዳስሱት፤ ደረቅ ከሆነ ጀምሩ።

ሰንበት ተማሪ፦ ከቴክኒኩ ወጣ ያለ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ሉቃስ 18 ላይ ቀራጩ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ ሊያነሣ እንኳ አልወደደም፤ ጸድቆ የተመለሰውም እርሱ ነው። ታዲያ ሰው እንዲያንጋጥጥ የሚጋብዝ ሥዕል ለጸሎት ምን ይጠቅማል?

የቅኔ ተማሪ፦ ጌታ ራሱ በዮሐንስ 17 ሲጸልይ ዓይኖቹን ወደ ሰማይ አንሥቷል። ዳዊትም በመዝሙር 122 ዓይኖቼን ወደ አንተ አነሣሁ ይላል። በቅዳሴም ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» (ልባችሁን ከፍ አድርጉ) ሲል ሕዝቡ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብሎ ይመልሳል።

ሰንበት ተማሪ፦ መዝሙር 123 ነው። ደግሞ የጠቀስከው ለእኔ ያግዛል፤ አልባቢክሙ ነው የሚለው፣ ዓይናችሁን አላለም።

የቅኔ ተማሪ፦ በሰባ ሊቃናት ቁጥር 122 ነው፤ የግእዙ ዳዊት በዚያ ነው የሚሄደው። የዮሐንስ 17ን ነገር ደግሞ አልፈኸዋል።

የወሎው፦ እኛም ዘንድ ሶላት ላይ እያሉ ዓይንን ወደ ሰማይ ማንሣት በሐዲስ የተከለከለ ነው፤ የሚታየው የሱጁድ ቦታ ነው። የመስጊድ ጉልላት ግን በጌጥ ይሞላል። የኦቶማኑ አርክቴክት ሚማር ሲናን ቱርክ ውስጥ ኤዲርኔ ላይ የሠራው የሰሊሚዬ ጉልላት ወርዱ 31 ሜትር ያህል ነው፤ ከሥሩ ገብቶ ቀና የማይል የለም። ከሶላት በፊትና በኋላ ግን ነው።

መላሽ፦ የመዝሙሩን ቁጥር እዚህ ላይ አቁሙት፤ ሁለታችሁም የያዛችሁት መጽሐፍ ትክክል ነው። የወሎው የተናገረው ቁም ነገር ነው፤ ለሠዓሊም የሥራ መመሪያ ይሆናል። ሰው አንገቱ ሳይጨነቅ ቀና ብሎ የሚቆየው እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ማንጋጠጥ ይሆናል፣ ማንጋጠጥ ደግሞ ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም። ስለዚህ በጸሎት ሰዓት የሚታየውን ሥዕል ጣራ ላይ አታድርጉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቡና እዩ፤ ሥላሴና ስቅለቱ ከመቅደሱ በር በላይ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ናቸው፣ ቀና ብሎ ለሚጸልይ። መላእክቱ ጣራ ላይ ናቸው። ቀራጩ እንዳደረገው አቀርቅሮ የሚጸልይ ሰው እነርሱን አያያቸውም፤ እነርሱ ግን ያዩታል። ይህን አስባችሁ ሣሉ።

ከሰሜን፦ ላሊበላ ግን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። ቤተ ጊዮርጊስን ጣራውን የምናየው ወደ ታች ነው።

መላሽ፦ ከውጭ አዎ፤ ጣራው ላይ ያሉት መስቀሎች ከአፋፉ ለቆመ ሰው የተሠሩ ናቸው። ይህም ከወለል ጀምሩ ያልኩትን ያጸናዋል፤ እዚያ የተመልካቹ ወለል አፋፉ ነው። ቤተ ማርያም ውስጥ ገብተህ ግን ጣራውና ቅስቶቹ ላይ ሥዕል ታገኛለህ፤ እዚያ ታንጋጥጣለህ።

የፍልስፍና ተማሪ፦ ታሌስ ኮከብ እያየ ጉድጓድ ገባ ይባላል። ፈላስፎቹ ስለ ማንጋጠጥ የሚሉት ይኸው ብቻ ነው?

መላሽ፦ አይደለም፤ ይህን በመጠየቅህ ደስ ብሎኛል። የታሌስን ነገር አፍላጦን (ፕሌቶ) ቴአይቴቶስ በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ተርኮታል፤ ያየችው የትራቂያ አገልጋይ እግሩ ሥር ያለውን ሳያይ ሰማይ ያስሳል ብላ ሳቀችበት። ለጣራ ሠዓሊ የሚበልጠው ግን ፖሊቴያ (ሪፐብሊክ) በተባለው ሥራው ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። ግላውኮን የከዋክብት ትምህርት ነፍስን ወደ ላይ እንድታይ ያደርጋል አለ። ሶቅራጥስ አልተቀበለውም። እንዲያ ከሆነ፣ አንገቱን አዙሮ ጣራ ላይ ያለ ጌጥ የሚያጠና ሰውም በአእምሮው አየ ልትል ነው አለው። የሚታየውን ብቻ የሚፈልግ ሰው አፉን ከፍቶ ቢያንጋጥጥ፣ በጀርባው ባሕር ላይ ቢንሳፈፍም ነፍሱ የምታየው ወደ ታች ነው።

ይህ ለሠዓሊ ከባድ ተግሣጽ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተሣለ ብቻ ሥዕል ሰውን ከፍ አያደርግም። በወርቅ ቀለም የተጨናነቀ ጣራ ሰውን ቀለሙ ላይ ያስቀረዋል። ጥቂት መስመር ያለው፣ ዓይኑ ብቻ የጎላ ፊት ግን ተመልካቹ ሥዕሉን ማየት ትቶ መታየቱን እንዲያስብ ያደርጋል። እኔ ሁልጊዜ ጌጥ ቀንሱ የምለው ከዚህ ነው።

የቅኔ ተማሪ፦ ቀራጥሎስ በተባለው የአፍላጦን መጽሐፍ ላይም አንትሮፖስ (ሰው) የሚለው የግሪክ ቃል «ያየውን ቀና ብሎ የሚመረምር» ማለት ነው ተብሏል፤ ከእንስሳት ሁሉ ሰው ብቻ።

መላሽ፦ ሐሳቡ ያምራል፤ የቃሉን አመጣጥ ግን የዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ አይፈቱትም።

የፍልስፍና ተማሪ፦ የእኛው ዘርዓ ያዕቆብስ?

መላሽ፦ ሐተታውን ማን ጻፈው የሚለው ክርክር እዚህ አይጀመርም። ወደ ጣራው እንመለስ።

ጨዋታ ሠሪ፦ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተቀዳ አዳራሽ ለኮምፒውተር ጨዋታ እየሠራን ነው። ጣራው ላይ ብዙ ደክመናል፤ የሚሞክሩልን ሰዎች ግን ቀና ብለው አያዩትም። ካሜራው ደግሞ ልክ ወደ ላይ ሲያይ ባለበት ይሽከረከራል። አዳራሹ 8 ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 6 ነው። የእይታ ስፋቱ አግድም 90 ዲግሪ፣ ስክሪኑ 16 በ9።

መላሽ፦ የካሜራው ነገር የእኔ ሙያ አይደለም፤ የሚያውቅ ይመልስልህ። ሌላውን እመለስበታለሁ።

ኮድ ጸሐፊው፦ ካሜራው የሚሽከረከረው የእይታው አቅጣጫና «ላይ» ብላችሁ የሰጣችሁት አቅጣጫ አንድ መስመር ላይ ስለሚወድቁ ነው። ቀኝን የምታሰሉት ሁለቱን በቬክተር ማባዛት (cross product) ነው፤ ሲገጥሙ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል፣ ካሜራው ቀኙን ያጣል። ቀላሉ መፍትሔ ቀና ማለቱን 89 ዲግሪ ላይ መገደብ ነው። የሰማዩን ሳጥን (skybox) ከስድስት ካሬ ምስል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የየምስሉን ቀለም አነባበብ ጠርዙ ላይ የሚቆም (clamp to edge) አድርጉት፤ ያለዚያ ከላይ ቀጭን መስመር ይታያል። ሰው ቀና ብሎ አለማየቱ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዱም በተባለ ጨዋታ ላይ ማንጋጠጥ ጭራሽ አልነበረም፤ ከፍ ብሎ የቆመውን ጠላት ጨዋታው ራሱ ያነጣጥርልህ ነበር። ቀና ማለት የመጣው በ1994 በሄረቲክ ነው።

ሌሊት ተጫዋች፦ ተሳስተሃል። አልቲማ አንደርወርልድ በ1992 ወደ ላይም ወደ ታችም ያሳይ ነበር።

ኮድ ጸሐፊው፦ እውነት ነው፤ እኔ በዱም ሞተር ላይ ስለተሠሩት ነው የተናገርኩት።

ሌሊት ተጫዋች፦ እንደዚያ ብለህ ብትጽፈው ኖሮ አልናገርም ነበር። ደግሞም በመዳፊት በነፃነት ማየት የተለመደው ከኩዌክ ወዲህ ነው፤ እርሱም 1996 ነው።

መላሽ፦ ጨዋታ ሠሪ፣ የአንተ ችግር የሰዎቹ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ወለሉ ነው። አግድም 90 ዲግሪ በ16 በ9 ስክሪን ላይ ቁመቱ 59 ዲግሪ ያህል ነው፤ ተጫዋቹ ፊት ለፊት ሲያይ ከዓይኑ በላይ የሚያገኘው 29 ዲግሪ ብቻ ነው። ዓይኑ 1.60 ላይ ከሆነ በዚህ ማዕዘን ኮርኒሱን የሚያገኘው 7.80 ሜትር ርቆ ነው። አዳራሽህ 8 ሜትር ነው። በር ላይ ቆሞ የመጨረሻዋን 20 ሳንቲ ሜትር ያያል፤ አንድ እርምጃ ሲገባ ጣራው ከስክሪኑ ወጣ። በእውነተኛው ዓለም የሰው ዓይን ወደ ላይ ያለው ስፋት ከዚህ በብዙ ይበልጣል፤ ሳያንጋጥጥም ከላዩ አንድ ነገር እንዳለ ይሰማዋል። ያንተ ተጫዋች ያ የለውም።

ስለዚህ መግቢያውን 2 ሜትር ከፍታ ያለው ጨለማ መተላለፊያ አድርገውና ከ6 ሜትር በላይ አርዝመው። ከጨለማው ውስጥ ሆኖ ግን ጣራው እንዳይታየው የበሩን ጉበን ዝቅ አድርግ። የአዳራሹ ወለል ከመተላለፊያው ዝቅ ብሎ ደረጃ ከኖረው ወደ ውጭ ሲመለስ ደረጃውን ሲወጣ ቀና ማለት ይቀናዋል። በከፍተኛው መስኮት አንድ የብርሃን ዘንግ አስገባ፤ ዜማውም ከላይ ይምጣ። ካሜራውን ይዛችሁ በግድ እንዳታንጋጥጡት፤ ሰው ያጥወለውለዋል።

ከዲሲ አካባቢ፦ መምህር፣ እኛ የምንቀድሰው በኪራይ አዳራሽ ነው። ኮርኒሱ በብረት ክፈፍ የተንጠለጠለ፣ 61 በ122 ሳንቲ ሜትር ቁርጥራጭ፣ ከፍታው 2.70 ሜትር። የእሳት ማጥፊያ የውሃ አፎች አሉበት። አቡጀዲ እንለጥፍ?

መላሽ፦ አትለጥፉ። እነዚያ ቁርጥራጮች ለክብደትም ለእርጥብ ሙጫም አልተሠሩም፤ ይጎብጣሉ። ሥዕል ሲጫንባቸውም ለእሳት ያላቸው የመቋቋም ደረጃ ይጠፋል። የውሃ አፎቹን ቀለም እንዳይነካቸው፤ ከእነርሱ በታች እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ድረስም ምንም ነገር አይንጠልጠል። በዚህ ከፍታ ደግሞ ሰው ጣራውን አንጋጦ አያይም፤ ከዓይኑ የሚርቀው 1.10 ሜትር ብቻ ስለሆነ ሁሉም በጎን ነው የሚታየው። የምሥራቁን ግድግዳ የላይኛውን 80 ሳንቲ ሜትር ውሰዱ፤ በክፈፍ በተወጠረ፣ እሳት እንዲቋቋም በታከመ ጨርቅ ሥሩና ስትለቁ ይዛችሁት ሂዱ። የቤቱን ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

አዲስ ገቢ፦ ማይክል አንጄሎ የቫቲካኑን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣራ በጀርባው ተኝቶ ነው የሣለው፤ እኛም ተኝተን ብንሠራ አይቀልም?

መላሽ፦ ተኝቶ አልሠራም። እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ነው የሠራው። ከዚህ የሚጠቅምህ ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያ የሠራቸው ትዕይንቶች፣ የጥፋት ውሃው በተለይ፣ በትናንሽ ሰዎች የተጨናነቁ ናቸው፤ መወጣጫው ተነሥቶ ግማሹ ከወለል ከታየ በኋላ የሠራቸው ሰዎች እየገዘፉ ሄዱ። እርሱም ከወለል ነው የተማረው። መወጣጫህን ጭንቅላትህ ከኮርኒሱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ አድርገህ ሥራ። በየ20 ደቂቃው 5 ደቂቃ ውረድና ከታች እይ። የዓይን መከላከያ አድርግ። ካዞረህ ወርደህ ሐኪም ጋ ሂድ።

ነጠላ ለባሿ፦ ሌላ ጥያቄ፤ በጥላሸት የጠቆረ የቆየ ጣራ ሥዕል በቀዝቃዛ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በስፖንጅ ብናጸዳው?

መላሽ፦ ያረጀ ሥዕል በውሃ አይታጠብም።

ባለ ብሩሽ፦ በዳቦ ፍርፋሪስ? ሲስቲንን እንዲያ አድርገውት ነበር ይባላል።

መላሽ፦ እ.ኤ.አ. በ1625 በጨርቅና በዳቦ ጠርገውታል፤ ያ ግን ከጣራው ኖራ ጋር አብሮ የደረቀ ሥዕል ነበር። የእኛው በሙጫ የተያዘ ቀለም ነው፤ ውሃ ሙጫውን ይፈታዋል፣ ሳሙናው ቀለሙን ይዞት ይወርዳል፣ ዳቦው ነፍሳት ይጠራል። በጣም ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ፣ ቀለሙ የማይረግፍበት ቦታ ላይ ብቻ። ሲረግፍ ካያችሁ እጃችሁን አንሡ። ቅርስ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይነካም። ይህን ጥያቄ ሦስተኛ ሰው እንዳይጠይቀኝ።

አዲስ ገቢ፦ ለምን በባነር አሳትመን አንለጥፈውም? በሁለት ቀን ያልቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

አናጢው፦ የእኛም ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ይህን ያሉ አሉ። ሕዝቡ ሥዕሉን ካየ ምን ልዩነት አለው ይላሉ።

ሰንበት ተማሪ፦ ልዩነት አለው። ሠዓሊው ጸልዮ፣ ጾሞ ነው የሚሠራው።

አዲስ ገቢ፦ ድሀ አጥቢያ ግን ለሠዓሊ የሚከፍለው የለውም፤ ባዶ ጣራ ይሻላል?

መላሽ፦ በገንዘቡ ነገር አዲስ ገቢን አልነቅፍም፤ ችግሩ እውነተኛ ነው። ባነሩ ግን ፕላስቲክ ነው፣ አይተነፍስም። እርጥበት ከጀርባው ተይዞ ጣውላውን ያበሰብሳል፣ ጠርዙ በሙቀት ይጠቀለላል፣ ጧፍ ከቀረበው ይቀልጣል። ያብረቀርቃልም፤ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ፊቱ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ገንዘብ ካነሰ ጣራውን በአንድ ዓመት አትጨርሱት። ከመቅደሱ በር ጀምራችሁ በየዓመቱ አንድ ረድፍ ሥሩ። ባዶው ጣውላ እስኪደርስለት ንጹሕ ሆኖ ይቆይ።

አናጢው፦ መምህር፣ ካርቶኖቹን ሰቅለን አየን። በጠዋት 35ቱ ይበቃል፤ ማታ በጧፍ ግን 35ቱ ከምዕራብ በር ሆነን ስናየው ዓይኑ ከክንፉ ጋር ይቀላቀላል። ክንፉን ጥቁር ሰማያዊ አድርገነው ነበር። 40 እናድርገው?

መላሽ፦ መጠኑን ተወው፤ ጥፋቱ የቀለሙ ነው። የጧፍ ብርሃን ቢጫና ቀይ ነው፣ ሰማያዊ የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥቁር ሰማያዊ በእርሱ ሥር ጥቁር ይሆናል፣ ከዓይኑ ጥቁር መስመር ጋርም ይገጥማል። ክንፉን ለሦስት እጅ ሰማያዊ ሁለት እጅ ነጭ ጨምረህ አቅልለው፤ በክንፉና በጉንጩ መካከል 1 ሳንቲ ሜትር ቢጫ ወይም ቀይ መስመር አሳልፍ። ማጠናቀቂያ ቫርኒሽ ከቀባህ የማያብረቀርቀውን ምረጥ። ከዚያ ያንኑ 35ቱን ካርቶን መልሰህ ስቀልና ማታ ከምዕራብ በር እየው።